ፊት በድንገት ሲጣመም፦ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ ምን ይደረግ?

ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሳሙናው ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባና አቃጠለኝ። ዓይኔን የጨፈንኩ መስሎኝ ነበር። ስጉመጠመጥ ደግሞ ውሃው በግራ በኩል ሾልኮ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። መስታወት ፊት ስቆም ግማሽ ፊቴ ዝም ብሏል። ግራ ቅንድቤ ወርዷል። ከአፍንጫዬ ወደ አፌ የሚወርደው መስመር ጠፍቷል። አፌ ወደ ቀኝ ተስቧል።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንዱ «አቦ፣ ንፋስ ነው፤ ቬንትሌተር ከፍተህ ስለምትተኛ ነው» አለኝ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። አንድ አዛውንት ደግሞ ጋኔን በጥፊ መትቶት ይሆናል ብለው ለእናቴ በጆሮዋ ነገሯት። የሄድኩበት ክሊኒክ የቪታሚን መርፌ ወግቶ «በራሱ ይተዋል» ብሎ ሸኘኝ። ያን ቀን ሁሉም ያየው አፌን ነው። ስለ ዓይኔ አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። በሕመሙ አልፌበታለሁ፤ ያከሙኝን ሐኪሞች ብዙ ጠይቄያለሁ፤ አንብቤያለሁ። ፊት ሲጣመም ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት መጀመር ያለበት መድኃኒት እና የማይከደነው ዓይን። አፉ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የተጎዳ ዓይን ግን ላይመለስ ይችላል።

አንደኛ፦ ስትሮክ መሆን አለመሆኑን ለዩ

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ታማሚውን ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና «እንደገረመው ሰው ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ» በሉት። ግንባሩን ተመልከቱ። በተጣመመው በኩል ግንባሩ ካልተሸበሸበ፣ ዓይኑም አልከደን ካለ፣ የተጎዳው የፊት ነርቭ ራሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አፉ ተጣሞ ግንባሩ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ከተሸበሸበ አንጎልን ጠርጥሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግንባር ትእዛዝ የሚቀበለው ከግራውም ከቀኙም የአንጎል ክፍል ነው። ስትሮክ አንዱን ቢመታ ሌላው ይሸፍንለታል። የታችኛው ፊት ግን ይህ መጠባበቂያ የለውም። ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ደግሞ ከግንባር እስከ አገጭ ሁሉም አብሮ ይዝላል።

ቀጥሎ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲይዝ አድርጉና እስከ 10 ቁጠሩ። አንዱ እጅ እየወረደ ነው? አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ቃል ይጠፋበታል? ምላሱ ይተሳሰራል? (ከንፈሩ ስለማይገጥም «በ» እና «ፐ» ላይ መቸገሩ የፊት ነርቭ ሕመምም ያመጣዋል። ቃል መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው።) ተነስቶ ይራመድ። ይንገዳገዳል? አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል? ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት አለው?

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ያገኛችሁትን ባጃጅ ወይም ታክሲ ይዛችሁ ወደ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሂዱ። ሐረር ከሆናችሁ ህይወት ፋና ወይም ጁገል አለላችሁ። ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት እንደነበር ያዙ። ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። በመንገድ ላይ ውሃም ምግብም አትስጡት፤ ትን ሊለው ይችላል። አስፕሪንም አትስጡ። ስትሮኩ የደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋል።

የግንባሩ ፈተና መቶ በመቶ አያስተማምንም። ግንባሩ አልሸበሸብ ያለውም ሰው ቢሆን በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ነርቩ ምን ሆኖ ነው?

የፊት ነርቭ ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ጆሮ አካባቢ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል። ከዚያ ከጆሮ ሥር ብቅ ብሎ በምራቅ እጢው ውስጥ አልፎ ወደ ግንባር፣ ወደ ዓይን፣ ወደ ጉንጭና ወደ ከንፈር ይበተናል። ነርቩ ተቆጥቶ ሲያብጥ ቦዩ አይሰፋለትም፤ አጥንት ነውና። በገዛ እብጠቱ ይታነቃል። ትእዛዝ አይደርስም፤ ጡንቻው ዝም ይላል።

ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ ሲሆን ቤልስ ፓልሲ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1821 እ.ኤ.አ. የፊት ነርቭን ሥራ ካብራራው የስኮትላንድ ሐኪም ከቻርለስ ቤል ነው። በዓመት ከ100,000 ሰው ከ15 እስከ 30 የሚሆኑትን ይይዛል። ስለዚህ እንደ ድሬ ባለ ከተማ በየዓመቱ ብዙ ሰው ያገኘዋል ማለት ነው።

ይኸው ነርቭ ሌላም ሥራ አለው። ከምላስ የፊተኛውን ሁለት ሦስተኛ ጣዕም ያመጣል። እንባና ምራቅ ያስመነጫል። ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ የሚያለዝብ ትንሽዬ ጡንቻም ያዛል። የእናቴ ሻይ በግራ በኩል ስኳር የሌለው የመሰለኝ፣ የባጃጅ ጡሩምባም ግራ ጆሮዬን የወጋኝ ለዚህ ነው። ፊት ከመጣመሙ አንድ ሁለት ቀን በፊት ከጆሮ ጀርባ ማመምም የተለመደ ነው። እኔ ትራስ ያላመቸኝ መስሎኝ ነበር።

ነርቩ ለምን ይቆጣል? ዋናው ተጠርጣሪ ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣው፣ እኛ «ምች መታኝ» የምንልለት እሱ ነው። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና አንድ ቀን ይነሳል። እናቴ ምች ስትል ከሐኪሞቹ ጥርጣሬ ብዙም አልራቀችም ነበር። ስሙ ላይ ተስማምተናል፤ የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው።

ስለ ንፋሱ ግን፣ ቬንትሌተር ይህን በሽታ እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። በሙቀት ቬንትሌተር ሥር የሚያድረው የድሬ ሰውም፣ ብርድ ልብስ ደርቦ የሚተኛው የሐረር ሰውም ይታመማል። ቬንትሌተሩ ሌላ ጥፋት አለው፤ ዓይን ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

የተጣመመ ፊት ሁሉ ቤልስ ፓልሲ አይደለም። መግል የሚያወጣ የቆየ የጆሮ ሕመም አጥንቱን እየበላ ነርቩ ጋ ሊደርስ ይችላል። ይህን በተለይ ልጆች ላይ አትናቁት። ጆሮ ላይ ወይም ጆሮ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ሽፍቶች፣ ኃይለኛ የጆሮ ሕመም፣ ማዞር ወይም የመስማት መቀነስ አብረው ከመጡ ነርቩን የያዘው አልማዝ ባለጭራ ነው። እሱ ከቤልስ ፓልሲ ይከፋል፤ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት በቶሎ ይፈልጋል። ኤችአይቪም አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ መልክ ነው። ስኳር ያለበት ሰውና በእርግዝናዋ የመጨረሻ 3 ወራት ላይ የደረሰች ሴት ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ነፍሰ ጡር ፊቷ ከተጣመመ የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ። በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከጆሮው ደም የወጣና ፊቱ የተጣመመ ሰው የአጥንት ስብራት ሊኖረው ስለሚችል ቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። ቀስ በቀስ፣ በሳምንታትና በወራት የሚመጣ መጣመም፣ በተለይ ከጆሮ ፊት ለፊት እብጠት ካለ፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የፊት ጎን አንድ ላይ ከዛለ፣ እግርም መድከም ከጀመረ፣ እሱ ሌላ ከባድ የነርቭ ሕመም ነውና አትዘግዩ።

ሁለተኛ፦ ሐኪሙ ጋ ስትገቡ

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ «ፊቴ ከተጣመመ ይህን ያህል ሰዓት ሆኖኛል» በሉ። ሰዓቱ መድኃኒቱን ይወስናል። ጆሯችሁ ውስጥ በመብራት እንዲታይላችሁ ጠይቁ። ጥድፊያ ባለበት ተመላላሽ ክፍል ይህ ሊዘለል ይችላል፤ መዘለል ግን የለበትም። ከጆሮ ፊት ያለው ጉንጭም በእጅ ይዳሰስ። የደም ግፊትና የደም ስኳር ይለካ። የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ማወቁ ይጠቅማችኋል።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ቲቢ ካለባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ምልክቱ ሁሉ ቤልስ ፓልሲን የሚመስል ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም አያስፈልግም። ሐኪሙ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው። ያለበለዚያ ያን ገንዘብ ለዓይን ጠብታና ቅባት ብታውሉት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ

ለአዋቂ ሰው ዋናው መድኃኒት ፕሪድኒሶሎን ነው። የነርቩን እብጠት ይቀንሳል። በስኮትላንድ ከ500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ ሰጥቶ ውጤቱን አወዳድሯል። ከ3 ወር በኋላ ፕሪድኒሶሎን ከወሰዱት 83 በመቶው ሙሉ በሙሉ ድነው ነበር። ካልወሰዱት 64 በመቶው። በ9ኛው ወር ልዩነቱ 94 በመቶ ለ82 ሆነ። «በራሱ ይተዋል» የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ብዙው ሰው በራሱ ይድናል። ነገር ግን በራሱ ከማይድነው ወገን ላለመሆን ያላችሁ ዕድል በእነዚህ 3 ቀናት ውስጥ ነው።

የተለመደው አሰጣጥ በቀን 50 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው። ሌላው 60 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ 10 ሚሊ ግራም እየቀነሱ መጨረስ ነው። የተሰጣችሁ ባለ 5 ሚሊ ግራም ክኒን ከሆነ በቀን 10 ወይም 12 ፍሬ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። «ስህተት ነው» ብሎ ሁለት ሁለት ብቻ የሚውጥም አለ። ስህተት አይደለም። ግራ ከገባችሁ ፋርማሲውን ወይም ሐኪሙን መልሳችሁ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትቀንሱ።

በራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁም አትጀምሩ። ፕሪድኒሶሎን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ይነካል፣ የተደበቀ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ለዚህ ነው። ከቁርስ በኋላ ውሰዱት። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል።

አሲክሎቪር የሚባለው የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ብቻውን ለቤልስ ፓልሲ አይጠቅምም፤ ያው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። ፊቱ ጭራሽ ላልተንቀሳቀሰለት ሰው ሐኪሙ ከፕሪድኒሶሎን ጋር ሊጨምረው ይችላል። አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ግን አሲክሎቪር የግድ ነው። የቪታሚን መርፌ ፕሪድኒሶሎንን አይተካም። እኔ አንድ ቀን ያጣሁት በሱ ነው።

ልጆች ላይ የፕሪድኒሶሎን ጥቅም በግልጽ አልታየም። ደግነቱ ልጆች አብዛኞቹ ይድናሉ። ውሳኔው የልጁ ሐኪም ነው፤ ጆሮው መታየቱን ግን እናንተ አረጋግጡ።

ጠበሉንም ዱዓውንም ተዉ አልልም። የእኔ እናት ቁልቢ ገብርኤል ተስላልኛለች፤ ጎረቤታችን ቁርኣን አስቀርታልኛለች፤ ሁለቱም ልቤን አሳርፈውታል። መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀኑን አታሳልፉ። ዳማከሴውንም እናታችሁ ግንባራችሁን ልትቀባችሁ ከፈለገች ትቀባችሁ። ዓይንና ጆሮ ውስጥ ግን አይጨመቅ። ፊትን በጋለ ብረት መተኮስ፣ መብጣት፣ «እንዲመለስ» ብሎ በጥፊ መምታት የተጎዳውን ፊት ሌላ ጉዳት ይጨምሩበታል እንጂ ነርቩን አይነኩትም። እሺ አትበሉ።

አራተኛ፦ ዓይን

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ሳናስበው በደቂቃ ብዙ ጊዜ ዓይናችንን እናርገበግባለን። ቆቡ በወረደ ቁጥር እንባ እየቀባ፣ አቧራ እየጠረገ ነው። ፊት ሲዝል ይህ ይቆማል። እንባውም ሊያንስ ይችላል፤ ወይም የታችኛው ቆብ ስለሚንጠለጠል በጉንጭ ይፈሳል። እንባ የሚፈሰው ዓይንም ይደርቃል። በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል፤ «እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት ደረቀ ትሉኛላችሁ?» ይላል። የፈሰሰው እንባ ዓይኑን አልቀባም፤ መንገዱን ስቶ ወረደ እንጂ።

የሚጎዳው ኮርኒያ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን። ሲደርቅ ይላላጣል፣ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፣ ጠባሳ ይጥላል። ጠባሳው ነጭ ሆኖ ዕይታ ይጋርዳል።

በድሬ ይህ ይብሳል። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው አቧራ አለ። በባጃጅ መሄድ ማለት በሁለት በኩል ክፍት በሆነ ነገር ንፋስ መቀበል ነው። ማታ ደግሞ ቬንትሌተሩ አለ። በሽታውን አላመጣውም ብዬ ነበር፤ ያልተከደነ ዓይን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋ ግን ያደርቀዋል። ቬንትሌተሩን አታጥፉት፣ በሙቀት መተኛት አይቻልም። ወደ እግራችሁ አዙሩት ወይም ወደ ግድግዳ ይንፋ።

ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ ተጠቀሙ። ከነቃችሁ በኋላ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ አንድ ጠብታ። ዓይናችሁ እስኪቆረቁራችሁ አትጠብቁ። ስልካችሁን በየሰዓቱ እንዲጮህ አድርጉት። ጠርሙሱን ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ወይም ቆሞ በሚግል መኪና ውስጥ አትተዉት። ከፋርማሲ «የዓይን ጠብታ ስጠኝ» ብቻ ብላችሁ አትግዙ። ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለተላላጠ ዓይን አደገኛ ናቸው።

ከቤት ስትወጡ ሰፋ ያለ፣ ጎኑን የሚሸፍን መነጽር አድርጉ። እኔ ገበያ ላይ ርካሽ የፀሐይ መነጽር ገዝቼ ነበር፤ ፋሽን ሳይሆን ጎኑ ሰፊ የሆነውን መረጥኩ። ባጃጅ ውስጥ ሻሽ ወይም ነጠላ በተጎዳው ጎን ያዙ። በቀን ብዙ ጊዜ ደግሞ በንጹሕ ጣት ጀርባ ቆቡን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ዝጉትና ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። ማርገብገቡን በእጃችሁ ተኩት።

ማታ እንዲህ አድርጉ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጉና የሩዝ ፍሬ የሚያህል የዓይን ቅባት ውስጡ ላይ አሳርፉ። ሐኪሙ የሚያዘው የሚያለሰልስ ቅባት ወይም በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ባለ 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ሊሆን ይችላል። ዕይታችሁ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው የመኝታ ሰዓት የሚመረጠው። የላይኛውን ሽፋሽፍት በቀስታ ይዛችሁ ቆቡን ወደ ታች ዘርጉት። ይህ እየገተረ የሚሄደውን ቆብም ያላላዋል። ከዚያ ቆቡን ዝጉትና ቀጭን የሕክምና ፕላስተር ከላይኛው ቆብ እስከ ጉንጭ በአግድም ዘንበል አድርጋችሁ ለጥፉ። አሁን ሰው ይይላችሁ። ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል? ነጩ ትንሽ እንኳ ከታየ አንሱትና እንደገና ሞክሩ። ከፕላስተሩ ሥር ዓይን ከተከፈተ ፕላስተሩ ራሱ ኮርኒያውን ይፍቀዋል። ጥጥ ወይም ፋሻ በተከፈተ ዓይን ላይ ማሰርም እንዲሁ ይፍቃል። ያልተዘጋ ዓይን አይታሰርም።

ለእኔ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የለጠፈችልኝ እናቴ ናት። በስልክ መብራት አስተውላ እያየች፣ «ዝግ ነው፣ ተኛ» ትለኝ ነበር። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና እዩ።

ዓይኑ ከቀላ፣ አሸዋ እንደገባበት ከቆረቆረ፣ ብርሃን ከጠላ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም ነጭ ነጥብ ከታየበት ሌላ ሌሊት ሳታሳድሩ ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓይኑ ቀልቶ ሕመም ባይሰማችሁም ሂዱ።

አምስተኛ፦ መብላት፣ መጠጣት፣ ጫት

በደህናው ጎን አኝኩ። ሲያጎርሷችሁም በደህናው በኩል ያጉርሷችሁ፤ ማፈር የለም። ሻይና ሆጃ ለብ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ። ከበላችሁ በኋላ በዛለው ጉንጭና በድድ መካከል ምግብ ተወሽቆ ይቀራል፤ ላይታወቃችሁ ይችላል። በጣታችሁ አውጡትና ተጉመጥመጡ፣ ጥርሳችሁን ፋቁ። የጉንጫችሁን ውስጥ እንዳትነክሱም ተጠንቀቁ።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ በእኛ ከተማ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የዛለ ጉንጭ ቅጠሉን ይዞ ያቆየዋል፣ ይቆስላል። ከዚያ በላይ ፕሪድኒሶሎን እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ይጨምራል። ጫትም እንዲሁ። ምግብ ደግሞ ያስጠላል፤ መድኃኒቱ የሚፈልገው ምግብ ነው። ቢያንስ መድኃኒቱን እስክትጨርሱ በርጫው ይቅርባችሁ።

ስድስተኛ፦ ፊትን ማሠራት

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አትታገሉ። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ማሳረፍ፣ ከዚያ በጣት ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ከቅንድብ ወደ ግንባር በቀስታ ማሸት በቂ ነው። ለፊቴ ያዘንኩለት ይመስለኝ ነበር፤ ልብንም ያረጋጋል።

እንቅስቃሴ ጭል ጭል ማለት ሲጀምር መስታወት ፊት ተቀመጡ። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ቅንድብ ማንሳት፣ አፍንጫ መንፋት፣ ከንፈር ማሞጥሞጥ፣ አፍ ሳይከፈት ፈገግ ማለት። ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም በቀስታ፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል። ደህናው ጎን ሲጎትት በጣታችሁ ያዙት። ጥርስ ነክሶ፣ ፊት አጨማዶ በኃይል መታገል ነርቩን የተሳሳተ መንገድ ያስተምረዋል።

ጓደኞቼ «ማስቲካ አኝክ፣ ፊኛ ንፋ» ይሉኝ ነበር። ለማኘክ የምንጠቀምበት ጡንቻ የሚታዘዘው በአምስተኛው ነርቭ ነው፤ እሱ አልታመመም። ፊኛ መንፋት ደግሞ በኃይል መታገል ነው። የኤሌክትሪክ ንዝረትም ቢሆን ጠንካራ ማስረጃ የለውም፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ስለ ፊት ነርቭ የሚያውቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አማክሩ።

ሰባተኛ፦ መቼ መጨነቅ፣ መቼ መጠበቅ

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት መድኃኒት ጀምራችሁም ሊብስ ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ አታቁሙት። በሳምንቱ ተመልሳችሁ ታዩ፤ ዓይኑም ይታይ።

በ3 ሳምንት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ሰው የሆነ እንቅስቃሴ ያያል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከንፈሬ ጥግ ላይ ነው፤ የክር ያህል። ከ3 ሳምንት በላይ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ምንም ነገር ካልተንቀሳቀሰ፣ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂዱ። 3 ወር ሞልቶት ፊቱ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰም እንዲሁ። 4 ወር አልፎት አንዳች እንቅስቃሴ የሌለው ፊት ቤልስ ፓልሲ ነው ተብሎ አይታለፍም። የኤምአርአይ ጊዜው ያኔ ነው። ሕመሙ ከተደገመም፣ በተለይ በዚያው ጎን፣ እንደ አዲስ ይመርመር።

ዓይናቸው ሳይከደን የቀረባቸው ሰዎች ተስፋ አይቁረጡ። የቆቡን ጠርዝ በከፊል መስፋት ወይም ላይኛው ቆብ ውስጥ ትንሽ የወርቅ ወይም የፕላቲነም ክብደት መቅበር ቆቡን ይዘጋዋል። ነርቩ ሲያገግም ደግሞ አንዳንዴ መንገድ ይሳሳታል። ሲስቁ ዓይን ይጨፈናል፣ ሲበሉ እንባ ይፈሳል። ለዚህ የመስታወቱ ልምምድ ይረዳል፤ ከበዛ ቦቶክስ የሚባለውን ጡንቻ የሚያላላ መርፌ በጥቂቱ መወጋት አለ።

የእኔ ፊት ተመልሷል። ስስቅ ብቻ ግራ ዓይኔ በትንሹ ይጠብባል። ማታ ከመተኛቴ በፊት መስታወት ፊት እቀመጣለሁ። ዓይኔን ክፍት አድርጌ፣ በጣም በቀስታ፣ ዓይኔ መጥበብ ሊጀምር ሲል እያቆምኩ ፈገግ እላለሁ።